ሦስተኛዋ ሽማግሌ

በእኛ ጊዜ አገር ቤት መኪና የሚያስቆም ሰው ካየህ ትወርዳለህ። አለቀ። ኬላ ነው። ወረቀትህን ይዘህ ትወርዳለህ፣ እጅህ እንዲታይ አድርገህ ትቆማለህ። ሳይወርድ ቁጭ ብሎ የጠበቀ ልጅ አውቅ ነበር... ተዉት፣ እሱን አላወራም።

የጠየቃችሁኝ የነዚህን ልጆች፣ የዳዊትንና የሂሩትን ጋብቻ ነው። እሺ። ዳዊት ያን ጊዜ እዚሁ ፈረንጅ አገር ባሕሩ ዳር፣ ሌክስ ኢንትራንስ የሚሉት ከተማ፣ ዓሣ ማሸጊያ ቤት ነበር የሚሠራው። የሂሩት አባት አቶ ታሰው ደግሞ ከተራራው ማዶ፣ ሸለቆው ውስጥ፣ ወይን እርሻ ላይ። መሀላቸው ያለው ያ ግሬት አልፓይን ሮድ የሚሉት መንገድ ነው። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልከናል። አንዴ ታሰው «የሥራ ሺፍት አለብኝ» አለ፣ አንዴ «ቤቱ ቀለም እየተቀባ ነው» አለ። ታዲያ ለሦስተኛ ጊዜ ስንነሣ ዳዊት «አሁንም ካልሆነ ይበቃኛል፣ ከአገሩ ማዶ ፐርዝ እሄዳለሁ» አለ፣ እና ልጅቷ በስልክ ስታለቅስ ሰማሁ፣ እና ሄድን።

እኔ፣ አቶ ሽፈራውና አቶ በቀለ ነን። የምትነዳው ልጄ ሳባ ናት። ከምንኖርበት ከሰንሻይን ተነሥተን ዳዊት ጋ አደርንና ጠዋት ወደ ታሰው ቤት ሽቅብ መውጣት ጀመርን። መንገዱ ያምራል ይላሉ። ያምራል። ጫካ ነው፣ ገደል ነው፣ እንደገና ጫካ ነው፣ ይጠመዘዛል፣ ይጠመዘዛል። ሳባ «ዳድ፣ ጋሼ ሽፈራው፣ ቪውውን እዩ እንጂ!» ትላለች። ሽፈራው ዓይኑን ጨፍኖ «አንቺ መንገዱን እዪ፣ ቪውው የትም አይሄድም» ይላታል። በቀለ ከኋላ ፌስታል አፉ ላይ ደግኗል። ሲጠመዘዝ «ወይኔ ሚካኤል»፣ ሲቃና ዝም፣ ሲጠመዘዝ «ወይኔ ሚካኤል»።

ታዲያ አናቱ ላይ ስንደርስ ቢጫ ሰደርያ የለበሰች ሴት ሰሌዳ ይዛ መንገዱ መሀል ቆማለች። መንገድ እየጠገኑ ነው። ሰሌዳውን ወዲህ ስታዞረው እኛ እንቆማለን፣ ወዲያ ስታዞረው ከዚያ የሚመጡት ይቆማሉ። እኛን «ቁም» አለችን። ሳባ አቆመች። እኔ ወረድኩ።

«ዳድ! ምን ሆነሃል? ሮድወርክ እኮ ነው!»

ሮድወርክ መሆኑን እኔ አውቃለሁ፣ እግሬ ግን አያውቅም። የመንጃ ላይሰንሴን፣ የጡረታ ካርዴን፣ ፓስፖርቴን ሳይቀር ይዤ ሴትዮዋ ፊት ሄጄ ቆምኩ። ሽፈራውም ተከትሎኝ ወረደ።

«ምን ጠየቀችህ?»

«ምንም።»

«ታዲያ ለምን ወረድክ?»

«አንተስ ለምን ወረድክ?»

ሽፈራው የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ። ሴትዮዋ ፓስፖርቴን ገለጥ አድርጋ ፎቶዬን አየችና «ጥሩ ወጥተሃል» ብላ መለሰችልኝ።

ቀና ስል፣ በወዲያኛው በኩል ቆመው ከነበሩትና ገና ካልተነሡት መኪኖች ሁሉ አንድ ሰው ብቻ ወርዷል። ኮፍያውን አውልቆ፣ ላይሰንሱን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። ታሰው ነው! መኪናው ላይ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ አስሯል። መምጣታችንን ሰምቶ፣ ከእኛ ሸሽቶ ወደ ባሕሩ እየወረደ ነው።

እንዲህ መውረድን የት ኬላ ላይ እንደተማረው አልጠየቅኩትም። እሱም አልጠየቀኝም። እኔ የእሱን ወረቀት አየሁ፣ እሱ የእኔን አየ።

ታዲያ ሽፈራው ምን ቢል ጥሩ ነው? ጎንበስ ብሎ «እንደምን አደሩ አቶ ታሰው! ለልጃችን ለዳዊት ልጅዎን ሂሩትን ልንለምን መጥተናል!» እዚያው! አስፋልት ላይ!

«እዚህ?» አለ ታሰው።

«ምን እናድርግ? ቤትዎ ስንመጣ አይገኙም።»

«ሽማግሌ ሦስት ነው፣ እናንተ ሁለት ናችሁ። በሥርዓቱ ይሁን፣ ሌላ ቀን...»

«በቀለ መኪናው ውስጥ አለ።»

«ተጋድሞ የሚለምን ሽማግሌ አይቼ አላውቅም!»

እውነቱን ነው። ሽማግሌ እሺ እስኪባል ቆሞ ነው የሚለምነው። በቀለን ደግሞ ማን ያቆመዋል? ሌላ ቀን ካልን ልጁ ፐርዝ መሄዱ ነው። እና ሽፈራው ዞር ብሎ ሴትዮዋን አየ። «ይቺውልዎ!» አለ። «ከጠዋት ጀምራ ቆማለች። ከእሷ የበለጠ ሽማግሌ ከየት ይምጣ?»

ሳባ ሮጣ መጥታ አስረዳቻት። ሴትዮዋ ሰማች፣ ሰማች፣ እና «ልጅቷ ትወደዋለች?» አለች። ሳባ «በጣም» አለቻት። ሴትዮዋ «ቁም» የሚለውን ወደ ታሰው አዞረችና «እንግዲያው ሳይመልስ አያልፍም» አለች። በእኛ በኩል ያሉትም እንዳያልፉ የሳባ መኪና ያለ ሹፌር ፊት ላይ ተገትሯል። በሁለቱም በኩል ጡሩንባ ሆነ! ካራቫን የሚጎትት ሰውዬ አንገቱን አውጥቶ «ምን ተፈጠረ?» ሲል ሴትዮዋ «ሴት ልጁን ለጋብቻ እየጠየቁት ነው!» አለችው፣ እና ሰውዬው ታሰውን «እሺ በላቸዋ! አይስክሬሜ ቀለጠ!» ብሎ ጮኸበት።

ታሰው ወደ እኔ ጠጋ አለ። «ልጄስ ምን ትላለች?» አለኝ በቀስታ።

«ስታለቅስ ነው የሰማኋት» አልኩት።

ታሰው ላይሰንሱን ኪሱ ከተተ። «እሺ፣ ሰጥቻለሁ» አለ። ሴትዮዋ ሰሌዳውን አዞረች።

ያውና፣ የልጅ ልጁን ታቅፎ እዚያ ተቀምጧል። አንተ ታሰው፣ ዋሸሁ?

«ዋሽተሃል!» አሉ አቶ ታሰው። «መቼ ሸሸሁ? ልቀበላችሁ ነበር የወጣሁት!»

ዓሣ ማጥመጃ ይዘህ?

«ታዲያ ሽማግሌ በባዶ እጅ ይቀበሏል?»