ሳይለካ የተገነዘው ኮምፒውተር

ልደታ ፍርድ ቤት በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት ሃያ ሁለት ዓመት ቆይቻለሁ፤ ሰው ሲከራከር ካየሁ እግሬ አልንቀሳቀስ ይለኛል። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ጎማ ላስነፋ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ወደሚገኘው የጋሽ ሸዋንግዛው ጋራዥ ጎራ ስል ያጋጠመኝም ይኸው ነው። ሥራ ረፈደብኝ፤ ግን አልቆጨኝም።

ክርክሩ በመሪማ መኪና ላይ ነበር። መሪማ የሰፈራችንን ልጆች ትምህርት ቤት እያመላለሰች የምትኖር ሴት ናት። መኪናዋ መሪው ከብዶ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት በርቶ፣ ከቆመ አምስተኛ ቀኑ ነው። ጋሽ ሸዋንግዛው «የመሪው ኮምፒውተር ሞቷል» ብለው ከሌላ መኪና የተነቀለ አስገቡ፤ ለውጥ የለም። «ይህም የሞተ ነው» አሉ። መሪማ ተስፋ ቆርጣ መኪናውን እንዳለ ልትሸጠው ደላላ ቀጠረች። ደላላው አራት ሰዓት ላይ ይመጣል፤ እኔ ስደርስ ሦስት ተኩል ሆኗል፤ መሪማ መኪናዋ አጠገብ ቆማ ትጠብቃለች።

እድላዊት የምትባል፣ ከኮሌጅ ወጥታ ጋራዡ ከገባች ሁለት ወር ያልሞላት ቴክኒሺያን፣ እጇን በጨርቅ እየጠረገች ቀረበች።

«ጋሼ፣ ካልከፋዎት አንድ ነገር ልጠይቅ።»

«ጠይቂ ልጄ፣ ምን ገዶኝ።»

«ኮምፒውተሩ መሞቱን ማን ነገረዎት?»

«የመመርመሪያው ማሽን ነዋ! ከመሪው ኮምፒውተር ጋር ግንኙነት ጠፍቷል ብሎ ጻፈ። ያነበብሽልኝ አንቺው አይደለሽ?»

«ግንኙነት ጠፍቷል አለ እንጂ ሞቷል አላለም። ይህን የተናገሩትም መኪናው ውስጥ ያሉት ሌሎቹ ኮምፒውተሮች ናቸው፤ ድምፁን አልሰማንም ነው ያሉት። መንገዱ ተቆርጦበት ቢሆንስ?»

«ልጄ፣ እኔ አርባ ዓመት ሞተር በጆሮዬ እያዳመጥኩ ነው ያዳንኩት። የሚነቀለውን ነቅዬ፣ የሚገባውን አስገብቼ።»

«በጆሮ በኩል እኔ የእርስዎ ተማሪ ነኝ። እነዚህ ግን የሚነጋገሩት በሁለት ቀጭን ሽቦ ላይ ስለሆነ ለጆሮ አይሰሙም። ደግሞስ ጋሼ፣ ሁለት ኮምፒውተር በአንድ ሳምንት፣ በአንድ ቦታ ላይ ይሞታል?»

እኔም አላስቻለኝም። «ጋሼ፣ እኛ ዘንድ መጥሪያው መድረሱ ሳይረጋገጥ ችሎት ባልቀረበ ሰው ላይ አይፈረድም» አልኩ።

«አንተ ደግሞ ጎማህን አስነፋ!» አሉኝ፤ ፈገግ ግን ብለዋል። «ይሁን፣ ለኪ። ደላላው እስኪመጣ ጊዜ አለሽ።»

እድላዊት ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ እንደሚደርሰው አስቀድማ አረጋግጣለች። አሁን ባትሪውን ፈታች፤ ከመሪው ሥር የመመርመሪያው ማሽን የሚሰካበት ቦታ ላይ የኤሌክትሪክ መለኪያዋን፣ የመልቲሜትሩን፣ ሁለት ጫፎች አሳረፈች። «ስልሳ ኦም። መሆን ያለበት ይኸው ነው፤ ዋናው መስመር ደኅና ነው።» ከዚያ የኮምፒውተሩን ሶኬት ነቅላ የሚመጡለትን ሁለት ሽቦዎች ለካች። መልቲሜትሩ ምንም ቁጥር አላወጣም። «ያውልዎት! እዚህም ስልሳ ማለት ነበረበት። መንገዱ ሳይደርስ ተቆርጧል።»

ሽቦውን ተከትላ የሾፌሩን ምንጣፍ ገለጠች። ሥሩ ርጥብ ነው፤ ልጆቹ ጭማቂ ስለሚያፈሱ መሪማ በየሳምንቱ ላቫጆ ወስዳ ታሳጥበዋለች። እዚያ በጥቁር ናስትሮ የተጠቀለለ መጋጠሚያ ተገኘ። ናስትሮው ሲላጥ አንደኛው ሽቦ አረንጓዴ ዝገት ለብሶ ተበጥሷል።

ጋሽ ሸዋንግዛው ጎንበስ ብለው አዩት፤ ፊታቸው ተለዋወጠ። ዝም ቢሉ ማንም አያውቅባቸውም ነበር።

«የኔ እጅ ነው» አሉ። «አምና አላርም ሳስገባ የተሳሳተ ሽቦ ቆርጬ፣ መልሼ ጠምዝዤ በናስትሮ ያሰርኩት እኔ ነኝ። መሪማ፣ በደልኩሽ። የራሴን ጥፋት በኮምፒውተር አሳብቤ መኪናሽን ላስሸጥሽ ነበር።»

በዚያች ሰዓት ሽማግሌውን ወደድኳቸው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ የታጠቀው ሰው ራሱ «እኔ ነኝ» ሲል ግን በሃያ ሁለት ዓመት የሰማሁት ጥቂት ጊዜ ነው።

እድላዊት የዛገውን ቆርጣ ጣለች፤ በአዲስ ሽቦ አገናኝታ በየደች፤ ሁለቱን ሽቦዎች እንደ ቀድሞው አጋምዳ ውሃ በማያስገባ ፕላስቲክ አሸገቻቸው። የመኪናውን የራሱን ኮምፒውተር ከመመለሷ በፊት ደግማ ለካች። ስልሳ! ባትሪው ታሰረ፤ መሪማ ቁልፉን አዞረች፤ ቀዩ መብራት ጠፋ። መሪውን በአንድ ጣቷ እያሽከረከረች እልልታዋን አቀለጠችው። ጋራዡ በሙሉ አጨበጨበ፤ እኔም የመንግሥት ሠራተኛነቴን ረስቼ አብሬ ጮህኩ።

ደላላው በሰዓቱ መጣ። «ይቅርታ ወንድሜ፣ የሚሸጥ መኪና የለም» አለችው መሪማ። «ልጆቹ ስድስት ሰዓት ላይ ይለቀቃሉ፤ እኔ ነኝ የማመጣቸው!»

ጋሽ ሸዋንግዛው ወደ እድላዊት ዞሩ። «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ። ጆሮዬን አልጥልም፤ ከዛሬ ጀምሮ ግን በዚህ ጋራዥ ሳይለካ አንድም ኮምፒውተር አይነቀልም። ሽቦም በናስትሮ ብቻ አይታሰርም።»

አንባቢዬ፣ ልኬቱ ዐሥር ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ግምቱ ግን አምስት ቀን በልቶ አንዲት ሴት እንጀራዋን ሊያሳጣት ነበር። ዕውቀት ሽማግሌን አያዋርድም፤ እኔ እንዳየሁት አስከበራቸው።

ልሰናበታቸው ስል አላርም ያስገቡላቸውን ደንበኞች ስም ከስልካቸው እየፈለጉ ነበር። ለመጀመሪያው ደወሉ።

«ወንድምአገኝ፣ ሸዋንግዛው ነኝ። መኪናህን ይዘህልኝ ና። የለም፣ ምንም አልሆነም፤ ሳይሆን በፊት ነው የጠራሁህ።»