የመርሻ መስኮት

ደሴ፣ በኅዳር አንድ ጠዋት፤ በአንድ አሮጌ የድንጋይ ፎቅ ቤት፣ ወይዘሮ የሻረግ በሟች ወንድማቸው በመርሻ ክፍል በር ላይ ቆመዋል፤ የበርና የመስኮት ዙሪያ በስቱኮ የሚደፍኑት ሽማግሌ ጋሽ እንድሪስ ቆርቆሯቸውን መሬት አስቀምጠዋል።

የሻረግ፦ በሩን ነው ያልኩዎት ጋሽ እንድሪስ። ዙሪያውን ይድፈኑልኝና ይሂዱ።

እንድሪስ፦ በር ይደፈናል እንዴ? አርባ ዓመት ስቱኮ ስለጥፍ፣ የመቃኑን ዳር እንጂ በሩን ከነመዝጊያው ድፈን ያለኝ ሰው የለም። ነገ መክፈት ብትፈልጊስ?

የሻረግ፦ አልፈልግም።

እንድሪስ፦ ከነገ ወዲያስ?

የሻረግ፦ ከነገ ወዲያም። ያንኳኳል። ንፋስ በመጣ ቁጥር መዝጊያው ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። «መጣሁ» ብዬ እነሳለሁ። ከዚያ ትዝ ይለኛል። እቀመጣለሁ።

እንድሪስ፦ ንፋሱ እኮ የሚገባው በመስኮቱ ነው። ጦሳ ተራራ ፊት ለፊት ተደቅኖብሽ፣ እጅ የሚያስገባ ክፍተት ይዘሽ! በሩን ብደፍነው መስኮቱ ያፏጫል።

የሻረግ፦ ያፏጭ። ለፉጨት አልነሳም።

እንድሪስ፦ አንቺ ልጅ!

የሻረግ፦ ስልሳ ዓመቴ ነው።

እንድሪስ፦ ቢሆንስ! በይ ክፈችልኝ፣ መስኮቱን ልሥራው። በውጭ እንዳልመጣ ከሥሩ ገደል ነው፤ መሰላሉን ደመና ላይ ላቁመው?

የሻረግ፦ ከሱቅ ሲሊኮን ገዝቼ ራሴ ብለጥፈው ይሻል ነበር። ምላስዎ ከስቱኮዎ ይበልጥ ይጣበቃል።

እንድሪስ፦ ሲሊኮን ለዚህ ድንጋይ? ኧረ በአላህ! በዓመቱ ተልጦ እንደ አሮጌ ካልሲ ይንጠለጠልብሻል። የእኔው አሸዋ ነው፣ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ነው፣ የተልባ ዘይት ነው፤ እንጨቱ ሲያብጥ አብሮት እሺ ይላል። እንቺ፣ ይህቺን ድቡልቡል ያዢልኝ።

የሻረግ፦ ምን ላድርጋት?

እንድሪስ፦ በመዳፍሽ ለውሺያት። ብርዱ አጠንክሯታል፤ ሳትሞቅ ስንጥቅ ውስጥ አልገባም ትላለች።

የሻረግ፦ የእኔም እጅ በረዶ ነው።

እንድሪስ፦ ግድ የለም፣ ለውሺያት። ለቅሶው ላይ አይቼሻለሁ። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ አንቺ ወንበር ታቀብይ ነበር።

የሻረግ፦ አልመጣልኝም። አርባውም ወጣ፣ አልመጣም። ሰው ጠንካራ ናት ይላል። ምን ጠንካራ! ወጥ ጨው ይኑረው አይኑረው አላውቅም። ሲሰጡኝ እበላለሁ፣ ሲነሱ እሸኛለሁ።

እንድሪስ፦ አብሽሪ።

የሻረግ፦ ሐምሌ ላይ «የሻረግ፣ ይሄ መስኮት ጎኔን በላኝ፤ እንድሪስን ጥሪልኝ» አለኝ። «በክረምት ቤቴን ጭቃ አላስረግጥም፤ ክረምቱ ይውጣ» አልኩት። ነሐሴ ሃያ ቀበርኩት። ሐኪሙ ሳምባ ነው አለ። እኔ የማውቀው መስኮቱን ነው።

እንድሪስ፦ ቆይ፣ ኪሴ ውስጥ የያዝኩት ነገር አለ።

የሻረግ፦ ምን ሊያወጡ ነው?

እንድሪስ፦ እስቲ ይህን ክር እዪው።

የሻረግ፦ የመርሻ ነው። ከስፌት መኪናው ላይ የነበረው ሰማያዊ። ከየት አገኙት?

እንድሪስ፦ አራት ቋጠሮ አለው፤ የመስኮቱ አራት ጎን ልክ ነው። ሐምሌ ላይ ዣንጥላ ይዞ ቤቴ ድረስ መጣ። «እምቢ ብላኛለች፤ ገበያ ስትሄድ ግባና ሥራልኝ» አለኝ።

የሻረግ፦ ተደብቆኝ?

እንድሪስ፦ ተደብቆሽ፤ እየሳቀ። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ውሃ የጠጣ ድንጋይ ስቱኮ አይዝም፤ በማግስቱ ይረግፋል። «ክረምቱ ይውጣ» አልኩት። ቃል በቃል ያንቺን። አንቺ እሺ ብትዪም መልሴ ያው ነበር።

የሻረግ፦ ለእኔ ብለው የፈጠሩት ነው።

እንድሪስ፦ ቋጠሮውንስ እኔ ፈጠርኩት? አቋጣጠሩን እዪው።

የሻረግ፦ …ሁለቴ አዙሮ ነው የሚቋጥረው። ከእናታችን የለመደው ነው።

እንድሪስ፦ ያ የምትለውሺው ስቱኮ የእሱ ነው። ለመስከረም ብዬ ሠርቼ፣ ዘይት አልብሼ አስተኛሁት። ከዚያ ለቅሶ ተጠራሁ። ሌላ ሰው ቤት ልለጥፈው ብል እጄ አልሄድ አለኝ።

የሻረግ፦ ይሸታል።

እንድሪስ፦ ተልባው ነው።

የሻረግ፦ በጾም ተልባ ካልበጠበጥኩለት አኩርፎ ይተኛ ነበር። በስልሳ ስምንት ዓመቱ! ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ ጋቢውን ተከናንቦ… ጋሽ እንድሪስ፣ ሞቀ።

እንድሪስ፦ ስቱኮው?

የሻረግ፦ እጄ። የክፍሉን ቁልፍ ከማተቤ ጋር አስሬዋለሁ፤ ጣቴ ዘይት ሆኗል፣ እርስዎ ይፍቱልኝ።