የባሻ ሱረት አውራ ጣት

እሺ፣ ጸጥታ! ከኋላ ያላችሁ፣ የዶሮ ክንፉን ሳህን ለአምስት ደቂቃ ልቀቁት፤ ክንፍ ነው ተባለ እንጂ አይበርም።

ክቡር ኮሎኔል ፍሊወሊንግ፣ የባሻ ባለቤት እትዬ ክላሪስ፣ የክሬን ፖይንት ጦር ሰፈር ባልደረቦቼ፣ እንዲሁም ከረባት አንቆ የያዛቸው የዛሬው የጡረታ ሽኝት ባለተራ፣ ሻምበል ባሻ ሊዮፖልድ ሱረት! ባሻ፣ በሩን አይዩት። ቆልፈነዋል።

ለማታውቁኝ፣ ሃምሳ አለቃ ጆዲ ማካይዛክ እባላለሁ፤ በተኩስ ሜዳው የባሻ ምክትል ነኝ። ባሻ እዚህ የመጡ ዕለት ግን ገና ምልምል ነበርኩ። ያን ቀን የሚጥለው ዝናብ መሬት ሲነካ በረዶ የሚሆነው ዓይነት ነበር። ተሰልፈን ስንንቀጠቀጥ አዲሱ የሽጉጥ አሰልጣኝ ከመኪና ወረዱ። እንደምን ዋላችሁ የለ፣ ምን የለ፤ «ስሙ!» አሉን። «ጠላት አጠገብህ ሲደርስ ሽጉጥህን በመብረቅ ፍጥነት እንዲህ አድርገህ—» እጃቸውን ወደ ወገባቸው ሰደዱ።

አልወጣም። የቆዳ አፎቱ ክዳን በረዶ ሆኖ ድርቅ ብሏል።

ባሻ ንግግራቸውን አላቋረጡም። «በመብረቅ ፍጥነት...» ይጎትታሉ። «ሳታመነታ...» አሁንም ይጎትታሉ፤ ጭራውን እንደሚያባርር ውሻ ባሉበት መሽከርከር ጀመሩ። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም።

«ጌታዬ፣ ጠላት ምሳውን በልቶ ይመለስ?»

«ማነው ያ?»

«ማካይዛክ ነኝ፣ ጌታዬ!»

«ማካይዛክ፣ ውረጂና ፑሽ አፕ ሥሪ! ሽጉጡ እስኪወጣ!»

ከዚያ ወደ ወጥ ቤት ሮጡ፤ አፎቱን ከነሽጉጡ የዓሣ ሾርባ ድስት ላይ አንጠልጥለው በእንፋሎት ማቅለጥ ጀመሩ። እንደምታውቁት ሽጉጡ ወጣ። የወጣው ግን ወደ ታች ነው። ወጥ ሠሪው፣ «ባሻ፣ መሣሪያዎ ድንቹ መሃል ነው!» ብሎ ሲጮህ እኔ በረዶው ላይ ሆኜ ሰምቻለሁ። ያን ቀን የቀረበው ሾርባ የጠመንጃ ዘይት ዘይት ይል ነበር፤ ባሻ ግን ሁለት ሳህን ጠጥተው፣ «ጨው ብቻ ነው ያነሰው» አሉ።

እንግዲህ ያቺን ሽጉጥ «አሮጊቷ» ነበር የሚሏት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቶሮንቶ የተሠራች፣ እዚህ ካለነው ከማናችንም እናት የምትበልጥ። ስትነቀነቅ እንደ ቁልፍ ዘለላ ትንኳኳ ነበር። ምልምሎች፣ «ባሻ፣ ይሄ የኔ ተበላሽቷል መሰለኝ፣ ይንኳኳል» ሲሏቸው፣ «አንተም ሰማንያ ስትጠጋ እንሰማሃለን!» ይላሉ።

አሮጊቷን የሚያጸዱት በጥርስ ብሩሽ ነው። ብሩሹ የሚኖረው ደረት ኪሳቸው ውስጥ፣ ከራሳቸው ጥርስ ብሩሽ ጎን ነው። የበልጉ የመስክ ልምምድ ላይ ምን እንደሆነ ታስታውሳላችሁ፤ ድንኳን ውስጥ በጨለማ አንዱን መዘዙ። ጠዋት ሲስቁ ጥርሳቸው ጥቁር ነው። «ምን ሆነው ነው?» ስላቸው፣ «ምንም፤ ግን መንጋጋዬ እንዲህ ሳይንቋቋ ተከፍቶ አያውቅም» አሉኝ።

ከሁሉም በላይ ግን፣ አብረን እንበለው እስቲ... «አውራ ጣት!» አዎ! አሮጊቷ ከኋላዋ በአውራ ጣት ስበን የምናቆማት ትንሽ መዶሻ ነበረቻት። ባሻ ከሰልፉ ጀርባ እየተንጎራደዱ፣ «አውራ ጣትህ የት ነው? አንቺስ? ሰው ጣቱን ከቤት ረስቶ ይመጣል?» ይሉ ነበር። እኔን በተኩስ ፈተና ስንት ጊዜ እንደጣሉኝ አልናገርም። «ማካይዛክ፣ ከበረዶ ሰው ጋር ብትታኮሺ የምቀብረው አንቺን ነው» ያሉኝን ግን አልረሳውም።

ከዚያ አዲሱ ሽጉጥ መጣ። ሠራዊቱ በሙሉ ሊቀይር ነው ተባለ። ሳጥኑን ስንከፍት እኛ እንደ ልደት ስጦታ ጨፈርን፤ ባሻ በሁለት ጣት አንጠልጥለው አዩት።

«ፕላስቲክ ነው።»

«ቀላል ነው፣ ባሻ።»

«የልጅ ልጄ የውሃ ሽጉጥም ቀላል ነው። መዶሻውስ?»

«ውጭ የሚታይ መዶሻ የለውም።»

«ታዲያ አውራ ጣቴ ምን ሊሠራ ነው?»

«ጎኑ ላይ ጋደም ብሎ ያርፋል።»

«ሥራ ፈት!» አሉ፤ ለጣቱ ይሁን ለሽጉጡ ይሁን ለእኔ እስከዛሬ አልገባኝም።

ትእዛዙ ግን ቀልድ አልነበረም። በአዲሱ ሽጉጥ ተፈትኖ ያላለፈ አሰልጣኝ ሜዳውን ይለቃል። ባሻ ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት ቀርቷቸዋል፤ ከወደቁ ያንን ዓመት የሚያሳልፉት ብርድ ልብስ መጋዘን ነው። አዲሱን ኮርስ ቀድሜ የወሰድኩት እኔ ስለነበርኩ ደግሞ ፈታኛቸው ማን ሆነ? ከበረዶ ሰው የምታንሰው ማካይዛክ!

በመጀመሪያው ፈተና ዒላማው ለጥቂት ሰከንድ ወደ እኛ ዞር ሲል ባሻ መዘዙ፤ ከዚያ አውራ ጣታቸው የሌለችውን መዶሻ ፍለጋ ሄደ። አየሩን ይቧጥጣል፣ ይቧጥጣል፤ ዒላማው ተመልሶ ዞረ፣ ጥይቱ አልወጣም። ጣልኳቸው። በሁለተኛው ደግሞ ጣታቸው ከኋላ እንደቆመ ተኮሱ፤ የሽጉጡ አናት ወደ ኋላ ሲሸሽ ጣታቸውን ነከሳቸው። በፈረንሳይኛ የተናገሩትን እትዬ ክላሪስ ባሉበት አልደግመውም። ጣልኳቸው። የቀረቻቸው አንዲት ዕድል ብቻ ነበረች።

ኮሎኔል፣ ይቅርታዎን፣ ልናገረው ነው። ያን ከሰዓት በኋላ ኮሪደር ላይ አቆሙኝና፣ «የአንድ ዓመት ነገር ነው፤ ፈርሚላቸውና ይለፉ» አሉኝ። እውነት ለመናገር ብዕሬን ፈልጌ ነበር። ለካ ባሻ ጣታቸው እንደ ቋሊማ ተጠቅልሎ ከኋላችን ቆመዋል።

«ጌታዬ፣ እሷ ያልመታሁትን መታ ብላ ከፈረመች፣ እኔ የጣልኳቸው ልጆች ሁሉ መጥተው ይቅርታ ሊያስጠይቁኝ ይገባል» አሉ። ወደ እኔ ዞረው ደግሞ፣ «ሰኞ ምልምል ይገባል አይደል? ስሜን ጨምሪው» አሉኝ።

ሰኞ መጡ። ጢማቸው ሽበት በሽበት፣ ግራና ቀኛቸው የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጆች። አንዱ ልጅ፣ «አባባ፣ ዘግይተው ነው የተቀጠሩት?» ብሎ ጠየቃቸው፤ «ትራፊክ ነበር» አሉት።

እትዬ ክላሪስ ማክሰኞ ደወሉልኝ። «ጆዲዬ፣ ሰውዬው ራት ላይ ሙዝ መዞ ወደ ማቀዝቀዣው ተኮሰብኝ። አውራ ጣቱ ግን ሙዙን ከኋላ እየላጠው ነው። ምን ላድርግ?»

«ይጩኹባቸው!»

«እንዴት ብዬ?»

«እሳቸው በእኛ እንደሚጮኹት!»

እኔም ረቡዕ ዕለት ከሰልፉ ጀርባ እየተንጎራደድኩ ደረስኩባቸው። «እርስዎ» ማለቱን ዋጥ፣ ማዕረጉን ዋጥ አደረግኩና፣ «ሱረት! አውራ ጣትህ የት ነው?» አልኩ።

ባሻ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብለው፣ «አረፈ፣ ሃምሳ አለቃ!» አሉ። እውነትም ጣቱ ጎኑ ላይ ጋደም ብሏል። ከዚያ በኋላ ቀን እኔ፣ ማታ እትዬ ክላሪስ ተፈራረቅንባቸው። እትዬ ክላሪስ መጮኹን ወደውት የሙዙ ልምምድ ካለቀም በኋላ ለሳህን እጠባ እየተጠቀሙበት ነው አሉ።

አርብ ዕለት ፈተናውን አለፉ። በሰፊው አይደለም፤ ጫፍ ላይ ነው። ወረቀቱን ስሰጣቸው ምልምሎቹ ፊት፣ «ይህች ሴት ሁለቴ ጥላኛለች፤ እመኗት» አሉ። ለኔ ከዚያ በላይ ሜዳሊያ የለም፣ ባሻ።

አሁን ልቀልድ አልችልም፤ ታገሱኝ። አሮጊቶቹ ሽጉጦች ሊቀልጡ የሚወሰዱ ዕለት መሣሪያ ቤት ስገባ ባሻ ጠረጴዛው ላይ ደርድረዋቸው አንድ በአንድ ያጸዳሉ። «ባሻ፣ እቶን ሊገቡ እኮ ነው» አልኳቸው። ቀና ሳይሉ፣ «አውቃለሁ። ቆሽሸው ግን አይሄዱም» አሉኝ። ወንበር ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ስምንት ሰዎች ሆነን ነበር፤ ማንም አልጠራንም።

ባሻ፣ እኔ እርስዎን አመሰግናለሁ ስል የጣሉኝን ጊዜ ሁሉ ጨምሬ ነው። አንድ ጊዜ አዝነው አሳልፈውኝ ቢሆን ኖሮ፣ ያኔ ውጭ አገር ለግዳጅ የተላክሁ ጊዜ እዚህ ቆሜ ለመለፍለፍ ባልተመለስኩ ነበር። ይህንን እናቴም ታውቃለች፤ ሰላም ብላዎታለች።

በሉ፣ ብርጭቋችሁን አንሱ። የራም መጠጥ የያዛችሁ ራሙን፣ ኮሎኔል ደግሞ ያንን ዝንጅብል ውሃዎን። ባሻ፣ የገዙት ጀልባ ውሃ አያስገባ፤ መረብዎ ባዶውን አይውጣ፤ ጉልበትዎ ደረጃ ላይ አይክዳዎ። እትዬ ክላሪስ፣ ባልዎን ከነጭቅጭቃቸው መልሰናል፤ ዕድሜና ጤና ለሁለታችሁም!

ኧረ ባሻ፣ ወዴት ነው የሚነሱት? ይቀመጡ! ዛሬ የምንነሳው እኛ ነን።

ክሬን ፖይንት፣ ተነስ! ለባሻ ሱረት!