የእትዬ ግማሽ ሕግ

ሥራችሁን አቋርጣችሁ እህታችንን ለመሸኘት የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች ሁሉ፣ ይህን ወረቀት የሚያነብላችሁ ታናሽ ወንድማቸው ነውና ድምፁ ቢቆራረጥ ታገሡት፤ እርሳቸው ቢሰሙት ኖሮ ቀጥ ብለህ አንብብ፣ አትንተባተብ ብለው ይቆጡት ነበር።

ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ግማሽ እያለ የሚጠራቸው እህታችን ከሰዓት ሠሪ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው የዛሬ ሰባ አንድ ዓመት ተወለዱ። በቤቱ የነበረው መጽሐፍ አንድ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም ሽፋኑና የመጀመሪያዎቹ ቅጠሎቹ ተገንጥለው የጠፉበት ስለነበር፣ ትምህርት ቤት ገብተው ሌላ መጽሐፍ እስኪያዩ ድረስ መጽሐፍ ሁሉ ከገጽ አሥራ ሰባት የሚጀምር ይመስላቸው ነበር።

በትምህርታቸው እጅግ ጎበዝ ነበሩ ብሎ መጻፍ የተለመደ ነው፤ እርሳቸው ግን ውሸት ስለማይወዱ እውነቱ ይነገር። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ልብ ወለድ ከደብተር ሥር ደብቀው ሲያነቡ እየተያዙ ከክፍል የወጡበት ቀን ከገቡበት አይተናነስም። እንደ ምንም ብለው ሁለተኛ ደረጃን ከጨረሱ በኋላ በአንድ ማተሚያ ቤት የጥረዛ ክፍል ተቀጥረው፣ መርፌና ክር፣ ሙጫና ጨርቅ ይዘው ሠላሳ አራት ዓመት ሠርተዋል። እጃቸው ፈጣን ሆኖ ሳለ የሚሰፉትን ሳያነቡ ማለፍ ስለማይሆንላቸው፣ አለቃቸው የቀጠርኩሽ እንድትጠርዢ ነው ወይስ እንድታነቢ እያሉ ሲያማርሩ ኖረው በጡረታ አሰናበቷቸው።

ትዳራቸውም የመጣው በዚሁ አመል ነው። ለማተሚያ ቤቱ ወረቀት የሚያመላልሱ አንድ ዝምተኛ የጭነት መኪና ሹፌር መንገድ ላይ የሚያነቡት ነገር ቢለምኗቸው፣ ገና በመጠረዝ ላይ ያለ ልብ ወለድ የመጀመሪያ ግማሹን ብቻ ሰፍተው ሰጧቸው፤ ሹፌሩም ታሪኩ ልባቸውን አንጠልጥሎባቸው፣ በአራተኛው ቀን አንድም ወረቀት ሳይጭኑ ባዶ መኪና እየነዱ ቀሪውን ሊወስዱ ከተፍ አሉ። በዓመቱ ተጋቡ፤ አንዲት ሴት ልጅና አንድ ወንድ ልጅም ወለዱ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ሕግ ሆኖ፣ ከእርሳቸው ቤት የሚወጣ መጽሐፍ ሁሉ ለሁለት ተከፍሎ እየተጠረዘ፣ መጀመሪያው መጽሐፉን ለሚዋሰው ሰው ይሰጣል፤ ሁለተኛውን የፈለገ ራሱ መጥቶ፣ ተቀምጦ፣ አውግቶ ይወስዳል። ቅጽል ስማቸውም የወጣው በዚህ ነው። ይህን የሚያነበው ወንድማቸው እግረ ሰነፍ ስለሆነ የሦስት መጻሕፍትን መጨረሻ እስከ ዛሬ አያውቅም።

የንባብ ምርጫቸውማ ጉድ ነበር። ሲከፋቸው የሚያነሡት ገዳዩ ማን እንደሆነ ጠንቅቀው የሚያውቁትን የወንጀል ልብ ወለድ ሲሆን፣ ጉዱን አውቆ እንደ ማንበብ ልብ የሚያሳርፍ የለም ይሉ ነበር። ጉንፋን ሲይዛቸው ደግሞ፣ አንድ ቀፎ እንኳን ሳይኖራቸው፣ ስለ ንብ እርባታ የተጻፈ መመሪያ ታቅፈው ይተኛሉ። ደጉን ሰው መጨረሻ ላይ የሚገድል ደራሲ ካጋጠማቸው ምን በደለው እያሉ ቀኑን ሙሉ አኩርፈው ይውላሉ። ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ግን፣ ዝናብ በማያባራባት ከተማ የሚከራይ ቤት ስለምትፈልግ አንዲት መምህርት የሚተርክ ወፍራም ልብ ወለድ ሲሆን፣ በየዓመቱ ሳያነቡት ቀርተው አያውቁም።

ሴት ልጃቸው ሥራ አግኝታ ወደ ሩቅ አገር ስትሄድ የዚህኑ መጽሐፍ የመጀመሪያ ግማሽ በሻንጣዋ ከተቱላት። በሁለተኛው ዓመት ልጅቱ አንብባ መጨረሷን ገልጻ ቀሪውን በፖስታ እንዲልኩላት ብትጽፍላቸው፣ ሕጉን ታውቂዋለሽ የምትል አንዲት መስመር መለሱላት። ነይልኝ ማለታቸው ነበር፤ ልጅቱ ግን እናቴ አንድ መጽሐፍ እንኳን ሰሰተችብኝ ብላ ተረዳችው። ዘር ከልጓም ይስባል ይባላል፤ ነገር ግን እናትም ኩሩ፣ ልጅም ኩሩ ሆነው፣ በስልክ ጤና ከመጠያየቅ በቀር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሳይተያዩ ቀሩ። ባለቤታቸው ሲያርፉ እንኳን ልጅቱ አልመጣችም። እህታችን በር በተንኳኳ ቁጥር ከሚያነቡት ገጽ ቀና ይሉና፣ ምን ሆኑ ሲባሉ ዓይኔን ላሳርፍ ብዬ ነው ይላሉ። ናፍቆት ነበር፤ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ማናችንም ደፍረን አልተናገርንም።

ባለፈው ዓመት ሳንባቸው ታሞ ሐኪሙ ቁርጡን በነገሯቸው ቀን ቤት ገብተው፣ ልጃቸው ዘንድ ደውለው፣ ደህና ነሽ ወይ እንኳን ሳይሉ ሁለተኛውን ግማሽ ገልጠው ማንበብ ጀመሩ። በየእሑዱ ከሰዓት በኋላ አንድ ምዕራፍ ያነባሉ፤ ልጅቱም በወዲያኛው ጫፍ ሥራዋን ሁሉ አስቀምጣ ታዳምጣለች። ትንፋሻቸው እያጠረ ሲሄድ አንዱ ምዕራፍ ሦስት እሑድ ይፈጅ ጀመር። ባለፈው እሑድ ድምፃቸው ዓረፍተ ነገር መካከል ላይ ቢቆም፣ ልጅቱ በማግስቱ የአውሮፕላን ቲኬት ቆረጠች፤ ትናንት ጠዋት ደጃፉ ስትደርስ ግን እናቷ በዋዜማው አመሻሽ ላይ አርፈው ነበር።

እህታችን ሁለት ልጆች፣ ሁለቱን በፎቶግራፍ ብቻ የሚያውቋቸውን ሦስት የልጅ ልጆች፣ አንድ ወንድምና በሰፈሩ ውስጥ ታሪክ የተንጠለጠለባቸው በርካታ መጽሐፍ ተዋሾች ትተው አልፈዋል። ከማረፋቸው አንድ ቀን በፊት ወንድማቸውን ወረቀትና እስክሪብቶ አስይዘው፣ በሰው ሁሉ ፊት ይነበብልኝ ብለው ያስጻፉት ቃል የሚከተለው ነው፦ ሕጉ ከዛሬ ጀምሮ መሻሩን፤ መጽሐፍ የጠየቀ ሰው ሙሉውን እንዲሰጠው፣ ይመልስ እንደሆነም እንዳይጠየቅ፤ ሕጉም የወጣው ሰውን ለመመለስ እንጂ ለማስቀረት እንዳልነበረ፤ የተሳሳቱት እርሳቸው እንጂ ልጃቸው እንዳልሆነች፤ ያን ጊዜ ያቺን አንዲት መስመር ሲጽፉ ናፍቀሽኛል ብለው መጻፍ ይገባቸው እንደነበር።

ፈጣሪ የደከመች ነፍሳቸውን ተቀብሎ ያሳርፍልን፤ ከፊታችን ለቆመችው ልጃቸውም አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዘግይቶ የደረሳትን ይህን ቃል የምትቀበልበት ልብ ይስጣት።