የበቅሎዋ ድሪቶና የጭነት ዋጋ

በእኛ ጊዜ ዋጋ ሲጨምር በመንግሥት መቆጣት አይቻልም ነበር፣ ደርግ ነዋ! ታዲያ ሰው በማን ይቆጣ? በጫኙ ይቆጣል። ከደባርቅ ጨው ጭኖ፣ ስኳር ጭኖ፣ ላምባ ጭኖ ወደ በየዳ ወደ ደረስጌ የሚያወጣውን በቅሎ ነጂ ነው ሁሉም የሚራገመው። እና ያ ነጂ ማን መሰላችሁ? የኔው ባል ነው፣ ተገኘ፣ ነፍሱን ይማረውና። አንቺ ማሪቱ፣ ለሱቅሽ ከጎንደር ያስመጣሽው ዕቃ ማጓጓዣው ከዕቃው በለጠ ብለሽ ስታማርሪ ሰማሁሽና ነው ይሄ ትዝ ያለኝ። ቁጭ በይ። እናንተም ልጆች ቁጭ በሉ። ዋጋ ለምን እንደሚጨምር እኔ በእግሬ ሄጄ አይቼ የመጣሁ ሰው ነኝ። የሄድኩት ግን ለዋጋው ብዬ አይደለም፣ በቅናት ነው የሄድኩት። አዎ፣ በቅናት! ምን ያስቃችኋል?

ሁለት በቅሎ ነበረን። አንዷ የሱ ናት፣ አንዷ ደግሞ፣ ዳማዋ፣ አባቴ ለሰርጌ የሰጠኝ ናት፣ የራሴ ናት። ይቺን ልብ በሉልኝ፣ ኋላ ትመጣለች። ታዲያ ተገኘ ይቺን የኔን በቅሎ «ዓለሜ» እያለ ነበር የሚጠራት። እኔን «አንቺ» ይለኛል፣ እሷን «ዓለሜ»! ገና ከደጅ ሲገባ፣ «ዓለሜ በላች? ዓለሜ ጠጣች?» ይላል። እኔስ በልቻለሁ? የሚጠይቀኝ የለም። እና እኔ መቅናት የጀመርኩት ከበቅሎ ነው፣ ምን ላድርግ፣ ሲፈጥረኝ ነው።

ያን ሰሞን የጭነቱ ኪራይ ይጨምራል፣ ይጨምራል፣ አሁንም ይጨምራል። ጨው የሚያስጭነው ነጋዴው አያ እንድሪስ በሬ ላይ ቆሞ ይጮሃል። «ኧረ ዘውዴ፣ ባልሽ አረደን እኮ! የኔ ጨው ደረስጌ ሲደርስ በስኳር ዋጋ ሆነ!» «እሱን ጠይቀው አያ እንድሪስ፣ እኔ ምን አውቄ» እለዋለሁ። ማታ ተገኘን ስጠይቀው «መንገድ በላው» ይለኛል። መንገድ በላው! መንገድ አፍ አለው? እና ልብ በሉ፣ ኪራዩ ይጨምራል፣ ቤቴ ግን አይጨምርም። ቀሚሴ ያው ቀሚስ ነው፣ ነጠላዬ ያው ነጠላ ነው። ታዲያ ገንዘቡ ባልሽ እጅ እየገባ ወዳንቺ ካልመጣ ወዴት ይሄዳል? ንገሩኛ! እኔ ያኔ አንድ ቦታ ብቻ ነው የታየኝ።

ታዲያ አንድ ቀን ጭነት አድርሶ ተመለሰና፣ የዓለሜን ድሪቶ፣ ጭነቱ ጀርባዋን እንዳይልጣት ከሥር የሚነጠፈውን ማለቴ ነው፣ ፀሐይ ላሰጣ ገለጥኩት። አንድ ጥጉ ላይ ጨርቅ ተጥፎበታል። አበባ ያለው ጨርቅ! ቀይ አበባ! የሴት ቀሚስ ነው፣ የኔ ግን አይደለም፣ እኔ አበባ ያለው ቀሚስ ለብሼ አላውቅም። ስፌቱን ደግሞ አየሁት፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ የሚያምር ስፌት። እኔ እንዲያ አድርጌ መስፋት አልችልም። ይሄኛው ደግሞ የባሰ አቃጠለኝ።

«ተገኘ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ድሪቶ ነዋ።»

«አበባውን ነው የምልህ!»

«እሱማ ተቀዶ ሰው ጣፈልኝ።»

«ሰው! ሰው ማለት ማን ነው?»

«የማድርበት ቤት ያለች ሴትዮ» አለኝና ጋቢውን ተከናንቦ ተኛ። ተኛ እኮ ነው የምላችሁ! እያንኮራፋ! እኔ ዓይኔ እንደፈጠጠ ነጋ።

ጧት ሲጭን «ለደረስጌ ማርያም ስለት አለብኝ፣ አብሬህ እሄዳለሁ» አልኩት። «መቼ ተሳልሽ?» አለኝ። «በሆዴ ነው የተሳልኩት» አልኩት። የማርያም ስለት ሲሉት ወንድ ምን ይላል? መጫኑን ቀጠለ። ስለት እንዳልነበረብኝ እመቤቴ ታውቃለች፣ ኋላ ጧፍ ሰጥቻታለሁ፣ ታርቀናል።

ታዲያ ወጣን። ዕቃው ራሱ ከጎንደር የመጣው ዘግይቶ ነው፣ መኪናው ነዳጅ በኩፖን እስኪያገኝ ቆሞ፣ ከዚያ ወታደር እስኪያጅበው ቆሞ። ሾፌሩም የቆመበትን ሁሉ በዕቃው ላይ ነው የሚጨምረው። ይሄን ሁሉ ሲያወሩ እሰማለሁ፣ እኔ ግን ሐሳቤ ቀዩ አበባ ላይ ነው። ዳገቱን ስንወጣ መንገዱ ጭር ብሏል። ዱሮ በቅሎ ከበቅሎ የሚጋፋበት መንገድ ነበር። «ነጂዎቹ ወዴት ሄዱ?» አልኩት። «በቅሎዎቹን ለዘመቻ ወሰዷቸዋ፣ የወታደር ስንቅ ያመላልሱባቸዋል» አለኝ። «የኛን እንዴት ተዉልን?» ብለው፣ ሳቅ አለና «ዓለሜ ታነክሳለች ብዬ ነገርኳቸው፣ ሊያዩዋት ሲመጡም አነከሰች፣ ብልህ ናት እኮ!» አለኝ። ደግሞ ዓለሜ!

ቡይት ራስ ስንደርስ ኬላው ላይ ያዙን። አንድ ጠብመንጃ ያነገተ ልጅ እግር ነው። «ጓድ፣ ጭነቱን አውርድ!» ይለዋል።

«ጓድ፣ ባለፈው አውርጄ አሳይቻችሁ ነበር እኮ።»

«ያለፈው አልፏል፣ አውርድ ተብለሃል!»

የዓለሜን አይተው አስጫኑን፣ የሌላዋን ደግሞ አለቃ እስኪመጣ ጠብቅ አሉት። ታዲያ ተገኘ ወደኔ ዞረና፣ «ዓለሜ ጭነት ተሸክማ አትቁምብኝ። አንቺ እሷን ይዘሽ ቀስ እያልሽ ቅደሚ፣ እደርስብሻለሁ። ብቻ ከዋናው መንገድ እንዳትወጪ» አለኝ። እንዳትወጪ! ሰማሽ ማሪቱ? እንዳትወጪ ሲለኝ ምን የሚደብቀው ነገር አለ ብዬ አልጠረጥርም?

ደግሞ እኮ የወጣሁት እኔ አይደለሁም። ትንሽ እንደሄድን በቅሎዋ ዋናውን መንገድ ትታ ወደ ቀኝ ታጠፈች። ስቤ ልመልሳት፣ እምቢ! ልጓሟን ልጎትት፣ እምቢ! እሷ እኔን እየጎተተች ቁልቁል ወረደች። የነጂ ሚስት ነኝ፣ አውቃለሁ፣ በቅሎ ገብስ የበላችበትን ግቢ አትረሳም። ባሌ የደበቀኝን በቅሎዬ ልታሳየኝ ነው ብዬ ለቀቅኳት። እንደ ቤቷ ሰተት ብላ አንዱ ግቢ ገባች፣ ሄዳም አፏን ከድንጋይ ገንዳ ውስጥ ከተተች።

እና አንዲት ሴት ወጣች። ቆንጆ ናት። ለምን እዋሻለሁ፣ ቆንጆ ናት! ቀጠን ያለች፣ ጥርሷ ወተት። የለበሰችው ደግሞ ያንኑ ባለ ቀይ አበባ ቀሚስ ነው፣ ጫፉ ላይ ተቆርጧል። የተቆረጠችው ቁራጭ የኔ በቅሎ ጀርባ ላይ ናት!

«ዓለሜ! መጣሽ የኔ ሸጋ!» አለቻት። ስሟን ታውቃለች! ከዚያ እኔን አየችኝና፣ «የአያ ተገኘ በቅሎ አይደለችም እንዴ? እርስዎ ማነዎት እሜቴ?»

ምን ልበል? «እኅቱ ነኝ» አልኳት። ከየት እንደመጣልኝ እንጃ! ሚስቱ ነኝ ብላት ነገሩን ትደብቀኛለች፣ ለእኅት ግን ሰው ይናገራል።

«ውይ፣ ይግቡ ይግቡ!» አለችኝ። ጭነቱን አብረን አወረድን፣ ቤት አስገባችኝ፣ ቆሎ ሰጠችኝ። የሺ ነው ስሟ። ባሏ ዘመቻ ሄዶ አልተመለሰም፣ ከዚያ ወዲህ መንገደኛ እያሳደረች ነው የምትኖር። ይሄን ስትነግረኝ ማዘን ነበረብኝ፣ አይደል? እኔ ግን «ባልም የላት!» ብዬ ስጋቴ ጨመረ።

ታዲያ ያን ጊዜ ተገኘ ሌላዋን በቅሎ እየነዳ ደረሰ። እኔ ከውስጥ ነኝ፣ እሱ አላየኝም፣ ዓለሜን ገንዳው ላይ አያትና እኔ ወዴት እንዳለሁ እንኳ አልጠየቀም። ነጠላዬን ወደ አፌ ሳብ አድርጌ ጆሮዬን ተከልኩ። አሁን «የኔ ዓለም» ይላታል፣ አሁን ትስመዋለች፣ አሁን ትዳሬ አበቃ እያልኩ እጠብቃለሁ።

«አያ ተገኘ፣ የገብሱን ዋጋ ጨምሬያለሁ» አለችው።

«ባለፈው ሳምንት ጨምረሽ አልነበረም እንዴ!»

«ባለፈው ሳምንት ገብስ ነበረኛ። ገበሬ ማኅበሩ ኮታ ብሎ ጎተራዬን ጠረገው። አሁን የምሰጥህ ከሰው ገዝቼ ነው።»

«ጭዱስ?»

«ጭዱም ጨምሯል።»

«እሺ ውሃው! ኧረ በማርያም፣ የውሃ እንኳ ተዪልኝ!»

«ውሃው ከገደል ሥር በኔ ጀርባ ነው የሚወጣ። በጀርባህ አውጣና በነፃ አጠጣቸው!»

«ደንበኛሽ አይደለሁም የሺ?»

«ደንበኛዬማ ነህ፣ ለዚያ ነው እየተከራከርክ የማሳድርህ።»

«አሁን ለጣፍሽልኝ ጨርቅም ክፈል ልትዪኝ ነው!»

«አዎ ትከፍላለህ! ቀሚሴን ነው የቆረጥኩት። የበቅሎዋ ጀርባ ተልጦ ሳይ ለሷ አዝኜ ነው፣ ላንተ መሰለህ?»

ወይ ደስታ! ወይ ደስታዬ ልጆቼ! እስቲ ፍረዱ፣ ሴት የወደደችውን ወንድ የውሃ ታስከፍላለች? የጭድ ታስከፍላለች? እያንዳንዷ ጭማሪ እንደ ማር ነበር የምትጥመኝ። እዚያው ቤት ውስጥ ሆኜ እልል አልኩ! እልልልል!

ተገኘ ደንግጦ «ማነው?» አለ።

«እኅትህ ናት» አለችው የሺ።

«የምን እኅት? እኅት የለኝም!»

ወጣሁ። «አንቺ!» አለኝ፣ ያው እንደ ልማዱ። «ክፈላት» አልኩት። «ምን?» «ሙሉውን ክፈላት! የውሃውንም፣ የጨርቁንም! ምን ያከራክርሃል!» የሺ እኔን አየች፣ እሱን አየች፣ ገባትና አፏን ይዛ ሳቀች። «እኅትህ እንዲያው አብዝታ ነው የምትወድህ» አለችው።

ከዚያ ወዲያማ ደባርቅ ላይ ዋጋ ሲጨምር የምስቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። አያ እንድሪስ ይመጣል፣ «ዘውዴ፣ ባልሽ ደግሞ ጨመረ!» «እሰይ!» እለዋለሁ። «የምን እሰይ ነው? አብደሻል?» «መንገድ እየበላው ነው አያ እንድሪስ፣ ኬላ አለ፣ ኮታ አለ፣ በቅሎ የለም፣ ገብስ የለም» ብዬ እዘረዝርለታለሁ። በሆዴ ግን ጨምሪ የሺ፣ ጨምሪ እኅቴ እያልኩ ነው። ቀሚሴ ያው ቀሚስ ነበር፣ ግን ሌሊት እተኛለሁ።

ታዲያ መኸሩ ገብቶ ገብስ ሲሰበሰብ፣ ተገኘ አንድ ቀን እየዘፈነ መጣ። እየዘፈነ! «ለእንድሪስ ኪራዩን ቀነስኩለት» አለኝ። ከተማው ሁሉ ደስ ብሎታል፣ አያ እንድሪስ ይመርቀዋል። እኔ ቀዝቃዛ ውሃ የተደፋብኝ መሰለኝ።

«ምነው ቀነስክ?»

«የሺ ናታ! የገብሱን ተወችልኝ፣ የውሃውንም ተወችልኝ። አንተ ደግ ሰው ነህ አለችኝ» ይለኛል፣ ጥርሱን ገልጦ፣ እንደ ሕፃን።

ደግ ሰው ነህ! ሰማችሁ? ደግ ሰው ነህ!

የገበያው ቀን ሲደርስ ዳማዋን፣ ዓለሜን፣ አወጣሁ። የራሴ ናት፣ አባቴ የሰጠኝ፣ ማንንም አልጠይቅም። ከዳባት ለመጣ ሰው ሸጥኳት፣ ወደ ታች ይውሰዳት፣ ከቡይት ራስ ትራቅልኝ፣ ያን ግቢ የምታውቀው እሷ ናት! ተገኘ ቢያለቅስ ቢያለቅስ አልሰማሁትም። በቀረችው አንዲት በቅሎ ደረስጌ ድረስ መውጣት አያዋጣም ብሎ እሱም መንገዱን ወደ ዳባት አዞረ።

«ታዲያ እማማ፣ ከሴትዮዋ ጋር ነገር ነበራቸው ወይስ አልነበራቸውም?» ትዪኛለሽ ማሪቱ? እንጃ። የተወችለት መኸሩ ስለበጀላት ሊሆን ይችላል። አሁን አርጅቼ ሳስበው ምንም አልነበረም እላለሁ። ግን ገብስ በነፃ! አሁንም ሳስበው ያቃጥለኛል፣ ተገኘ አፈር ገብቶም ያቃጥለኛል።

አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። በቅሎዋ ከተሸጠች ወዲያ፣ አንድ ጧት ከደጅ ገባና ሳያስበው «ዓለሜ፣ በላሽ?» አለኝ። ግራና ቀኝ ዞሬ አየሁ፣ ከኔ በቀር ማንም የለም። ተሳስተሃል አላልኩትም። ዓለሜ እንዳለኝ ሞተ።

እና ማሪቱ፣ ኪራዩ ያኔ ወዲያው መልሶ ጨመረ። አያ እንድሪስ ጭንቅላቱን ይዞ መጣና፣ «ዘውዴ፣ አሁን ደግሞ ምን መጣብን?» አለኝ። «ነዳጅ ነው» አልኩት።

«እማማ ዘውዴ፣ እና እውነቱ ምን ነበር?» አለች ማሪቱ።

«እውነቱማ ሁለት በቅሎ ከመንገዱ ጎደለ ነዋ! ነዳጅ ነው፣ ኬላ ነው፣ ኮታ ነው ይሉሻል ልጄ፣ ሁሉም ልክ ነው። ያን ዓመት ግን ያስወደደው ቅናቴ ነው» አሉ እማማ ዘውዴና እስኪያስላቸው ሳቁ።