‹የተበላሸ› ተብሎ የተጻፈባቸው ስምንት ካርቶኖች

የምስክር ቃል መቀበያ

ስም፦ በመታወቂያዋ እንደሰፈረው፤ በሥራ ቦታ ግን ወገግታ ተብላ የምትጠራ
ዕድሜ፦ 47
ሥራ፦ የመድረክ መብራት ባለሙያ
አድራሻ፦ ከአዳራሹ ጀርባ፣ ልብስ ሰፊው ያለበት ሕንፃ፣ ሦስተኛ ፎቅ
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ቅዳሜ፣ በወሩ 14ኛ ቀን፣ ከቀኑ 9፡10
ጉዳዩ፦ ከአዳራሹ ጠፉ የተባሉ ስምንት የመድረክ መብራቶች

እኔ ከላይ የተጠቀስኩት ምስክር፣ ማንም ሳያስገድደኝ ራሴ ወደ ጣቢያው መጥቼ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። መብራቶቹ አልተሰረቁም። ያወረድኳቸው እኔ ነኝ። የአዳራሹ ጥበቃ ጋሽ ቁልፉ በጉዳዩ ላይ ያላቸው ድርሻ መሰላል መያዝ ብቻ ነው። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የተናገርኩት፣ እሳቸው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ጀምሮ እዚህ ኮሪደር ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ስለተቀመጡና ዛሬ መቀመጥ ያለባቸው ሌላ ቦታ ስለሆነ ነው።

በዚህ ሙያ 22 ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራዬ ትንንሽ ዝግጅት ነው፤ የተማሪዎች ቲያትር፣ የመጽሐፍ ምረቃ፣ መቶ ሰው የማይሞላው ሁሉ የእኔ ነው። ትልልቁን ትልልቆቹ ይሥሩት፤ እኔ በትንሹ ደስተኛ ነኝ።

ትናንት ዓርብ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ለዛሬው ዝግጅት መብራት ለመምረጥ ወደ አዳራሹ ሄድኩ። የጋሽ ቁልፉ ልጅ የራሷን ግጥሞች የምታነብበት ዝግጅት ነው። ልጅቱ አስተማሪ ናት። የዛሬ ሁለት ዓመት ጉሮሮዋን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ሰባት ወር ሙሉ አልተናገረችም። ድምጿ ተመልሷል፣ ግን ቀጭን ነው። ከዚያ ወዲህ መድረክ ላይ ስትቆም ዛሬ የመጀመሪያዋ ነው።

ከመድረኩ በላይ ባለው ብረት ላይ፣ ሥራ አስኪያጁ ባለፈው ወር ራሳቸው ከፎቶ መርጠው ያስመጧቸው ስምንት አዳዲስ መብራቶች ተሰቅለው ነበር። አንገታቸውን ያዞራሉ፣ ቀለም ይቀያይራሉ፤ ለጭፈራ የሚስተካከላቸው የለም፣ ይህን አልክድም። ነገር ግን በእያንዳንዳቸው ሆድ ውስጥ ማቀዝቀዣ ማራገቢያ አለ። እኔ ደግሞ መብራት የምመርጠው መጀመሪያ ዓይኔን ጨፍኜ ነው። መርማሪው ይህን ሲጽፉ ቀና ብለው አይተውኛል፤ እንዳለ ይጻፍልኝ ብያለሁ። አበራኋቸው፣ መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስምንቱ ማራገቢያ አንድ ላይ ሲያጉረመርም ወፍጮ ቤት የገባሁ መሰለኝ። ድምፅ ማጉያ ለምን አልታሰበም ተብዬ ተጠይቄ፣ ማጉያው ማራገቢያውንም አብሮ ያጎላዋል ብዬ መልሻለሁ።

ሁለተኛው ፈተና ፊት ነው። መብራት በግድግዳ ላይ አይመረጥም። ልጅቱ ሥራ ላይ ስለነበረች ጋሽ ቁልፉ በእሷ ቦታ እንዲቆሙልኝ ለመንኳቸው። ቁመታቸው አንድ ነው፤ ግንባሯም አፍንጫዋም ቁርጥ የአባቷ ነው። የሆነ ነገር ያንብቡልኝ ስላቸው በሩ አጠገብ የተለጠፈውን የእሳት አደጋ መመሪያ ነቅለው መጡ። ከአዲሶቹ መብራቶች ሥር ሲያነቡ ከመጨረሻው ረድፍ የሰማሁት ‹እሳት› የሚለውን ብቻ ነው። ፊታቸውም ትኩሳት ይዞት የሰነበተ ሰው ፊት መሰለ።

ከዚህ በኋላ ዕቃ ቤት ገብቼ ስምንቱን አሮጌ መብራቶች ከነካርቶናቸው አወጣሁ። አዲሶቹ የመጡ ዕለት ሥራ አስኪያጁ በየካርቶኑ ላይ በእጃቸው ‹የተበላሸ› ብለው ጽፈውባቸው ነበር። እኔ ዕድሜዬን ከእነዚህ መብራቶች ጋር ስለጨረስኩ አላመንኩም። ሰባቱ ወዲያው ሠሩ፤ ለስምንተኛው አምፖል ቀየርኩለት። ጋሽ ቁልፉ መሰላሉን ያዙልኝ፣ እኔ አዲሶቹን አወረድኩና አሮጌዎቹን ሰቀልኩ። አሮጌዎቹ ትንፍሽ አይሉም። ጋሽ ቁልፉ መመሪያውን እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩት፤ ‹አሳንሰር አትጠቀሙ› እስከሚለው ድረስ እያንዳንዷን ቃል ሰማሁ። አዳራሹ አሳንሰር የለውም፤ ሁለታችንም ሳቅን። ፊታቸው ወዝ አግኝቶ ነበር። በሥራዬ ከሁሉ የምወደው ያቺን ደቂቃ ነው፤ ትናንት በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

በእኛ ሥራ ልማድ አንድ መብራት ከካርቶን ወጥቶ ሲሰቀል፣ በእሱ ፈንታ የወረደው እዚያው ካርቶን ውስጥ ይገባል። መሬት ላይ አይተውም። ስለዚህ ስምንቱን አዳዲስ መብራቶች ‹የተበላሸ› በሚሉት ካርቶኖች ውስጥ ከትቼ በፕላስተር አሸግኋቸው። ጽሑፉን መሰረዝ አላሰብኩም። ደግሞም ሥራ አስኪያጁ የመረጡት ዕቃ መውረዱን ቢሰሙ ቅር ይላቸዋል ብዬ፣ እሑድ መልሼ እስክሰቅል ድረስ ለማንም እንዳይናገሩ ጋሽ ቁልፉን አደራ አልኳቸው። ‹እኔ ምን አየሁ?› አሉኝ። ሁለቱም ጥፋት የእኔ ነው።

ዛሬ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ሥራ አስኪያጁ አዲሶቹን መብራቶች ለእንግዶች ሊያሳዩ መጥተው ቀና ሲሉ እንዳጧቸው ሰምቻለሁ። ዕቃ ቤቱን ፈትሸዋል፣ ካርቶኖቹንም አይተዋል፤ አልከፈቷቸውም። ተበላሽተዋል ብለው የጻፉት ራሳቸው ስለሆኑ፣ ከመድረኩ በላይ ተሰቅለው ያዩዋቸው አሮጌ መብራቶች ከእነዚያ ካርቶኖች የወጡ ይሆናሉ ብለው አላሰቡም። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ያለው በጋሽ ቁልፉ እጅ ብቻ በመሆኑ ለፖሊስ አመለከቱ። ጋሽ ቁልፉ ሲጠየቁ አልሰረቅሁም ከማለት በቀር አንድ ቃል አልጨመሩም። በዚያ በር ላይ 29 ዓመት ቆመው መርፌ ጠፍቶባቸው አያውቅም።

እኔ በዚያ ሰዓት በከተማው ሌላ ጫፍ፣ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ መሰላል ላይ ነበርኩ። ስሠራ ስልኬን እዘጋለሁ። 8 ሰዓት ተኩል ላይ ስከፍተው ልጅቱ አሥራ አራት ጊዜ ደውላልኝ አገኘሁ። አባቷ ካልመጡ እንደማታነብ ነገረችኝ። ታክሲ ይዤ መጣሁና ኮሪደሩ ላይ ጋሽ ቁልፉን አገኘኋቸው።

‹ጋሼ፣ ለምን አልነገሯቸውም?› አልኳቸው።

‹ብናገር እነዚያን ጯሂዎች መልሰው ይሰቅሏቸዋል፤› አሉኝ። ‹እሷ ትደመጥ እንጂ እኔ እዚህም መቀመጥ አያቅተኝም።›

ይህን ስሰማ አልቅሻለሁ። መርማሪው መሐረብ ሰጥተውኛል።

ቃሌን እየሰጠሁ ሳለ መርማሪው ወደ አዳራሹ ፖሊስ ልከው፣ ካርቶኖቹ ተከፍተው ስምንቱም መብራቶች በደህና መገኘታቸውን ነግረውኛል። ሥራ አስኪያጁም በስልክ አግኝተውኝ አዲሶቹ አሁኑኑ ይሰቀሉ ብለዋል። መሰላሉን የምወጣው እኔ ነኝ፣ እኔ ደግሞ ገና ቃሌን አልጨረስኩም ብዬ መለስኩ። ቀጥዬ አንድ ነገር ለመንኳቸው፤ አንዱን ብቻ አውጥተው መድረኩ ላይ ያብሩትና መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ይጨፍኑ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መልሰው ደወሉ። አንዱ እንዲህ ከሆነ ስምንቱ እንዴት ሊሆን ነው አሉ፤ ከዚያም ለዛሬ አሮጌዎቹ ይቆዩ፣ አቤቱታዬንም አንስቻለሁ አሉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ጥፋታቸው ያላዩትን ዕቃ ከፎቶ መምረጣቸው ነው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ጋሽ ቁልፉ ግን እስኪያድር መጠበቅ አይችሉም፤ ዝግጅቱ 11 ሰዓት ላይ ይጀምራል።

አንድ ነገር ሳልናገር ብቀር ቃሌ ጎደሎ ይሆናል። ከአሮጌዎቹ መብራቶች የአንዱ ብርሃን ከመድረኩ አልፎ ፊተኛው ረድፍ፣ አራተኛው ወንበር ላይ ያርፋል። ሌላ ባለሙያ ቢያየው ስህተት ነው ይላል። ሆን ብዬ ነው የተውኩት፤ ልጅቱ ከወረቀቷ ቀና ስትል የአባቷን ፊት እንድታይ ነው። ያ ወንበር ባዶ ከሆነ፣ ያን ጊዜ መብራቱ እውነትም ተበላሽቷል።

የሰጠሁት ቃል ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። ያየሁትና ያደረግሁት ይኸው ነው፤ የጨመርኩትም የደበቅሁትም የለም። እውነት ስለመሆኑ በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሯ ፊርማ ____________
የመርማሪው ፊርማ ____________

የመርማሪው ማስታወሻ፦ ቃሉ ከቀኑ 10፡20 ላይ ተጠናቋል። ጥበቃው 10፡25 ላይ ተለቀዋል፣ ቁልፎቻቸውም ተመልሰውላቸዋል። በእግር በሰዓቱ ስለማይደረስ ከምስክሯ ጋር በጣቢያው መኪና ተወስደዋል። በ11 ሰዓት አራተኛው ወንበር መያዙን መርማሪው በቦታው ተገኝቶ አረጋግጧል።