ትንፋሽ የሚያስይዙት ልብስ ሰፊ

ሰው በሠላሳዎቹ ዕድሜው ሆዱ ቀድሞት መራመድ ሲጀምር ሁለት ምርጫ አለው፤ ምግብ መቀነስ ወይም አዲስ ሱሪ ማሰፋት። እኔ የተማርኩ ሰው ነኝና ቀላሉን መርጬ ወደ ሰፈራችን ልብስ ሰፊ ሄድኩ።

እኚህን ሽማግሌ ልጆች «አባ ጸጥታ» ይሏቸዋል። ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው ልጅ ሊለኩ ሲነሡ፣ «ዝም! ቀጥ! እንዳትነቃነቅ!» የሚሉት ጩኸት የስፌት መኪናቸውን ያስንቃል። በዚያ ቀን ግን ራሳቸውም ጸጥ አላሉም።

«የልጄን ልጅ ነገ ከዚያ ትምህርት ቤት አወጣታለሁ» አሉኝ፣ ሰላምታዬን ሳልጨርስ።

«ምነው አባባ፣ ወደቀች እንዴ?»

«ብትወድቅማ በማን ዕድሌ! መብት ተማረች እንጂ። ትናንት ምሳ ላይ ‹ዝም በይ› ብላት፣ ‹አባባ፣ ሐሳቤን የመግለጽ መብት አለኝ፤ ቆይ ግን ጉርሻዬን ልዋጥ› አትለኝም?»

«ዋጠች?»

«ዋጠች።»

«ታዲያ ጨዋ ናት።»

በመነጽራቸው አናት ላይ አሻግረው አዩኝ። ሊመልሱልኝ ሲሉ አንዲት ወጣት ሴት እቅፍ ሙሉ ዩኒፎርም ይዛ ገባች።

«እንደምን ዋሉ አባባ? የሦስተኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ። ይኸው እርስዎ የሰፉት የተማሪዎቼ ዩኒፎርም ዘንድሮም ብብቱ ተተረተረ።»

«ጨርቁ ነው! የዛሬ ጨርቅ ምን ጉልበት አለው!» አሉ። «ሦስተኛ ክፍል» የሚለው ዘግይቶ ገባቸው፤ የልጅ ልጃቸው ክፍል ነው። እኚህ ሰው ሲናደዱ አንቱታ ያበዛሉ። «እርስዎ ነዎት ለካ! ለሕፃናት መብት የሚያድሉት እርስዎ ነዎት!»

«እኔ አላደልኩም አባባ፤ ይዘውት ነው የሚወለዱት። እኔ አያያዙን ነው የማሳያቸው።»

«እኔ አባቴ ፊት አፌን ከፍቼ አላውቅም። ምን ጎደለብኝ?»

እኔም አስተማሪዋም በፊት ጥርሳቸው መካከል ያለውን ክፍት ቦታ አየን፤ በትሕትናም ዓይናችንን ወደ ስፌት መኪናው መለስን።

«ያኔ አፍዎን ቢከፍቱ ኖሮ ምን ይሉ ነበር?» አለች ቀስ ብላ።

«ጥርሴን አመመኝ» አሉ ሳያስቡት። ወዲያው ግን ሳል ፈጠሩ። «ቢሆንም! ዛሬ መብት ያለች ልጅ ነገ ‹አልላክም› ትለኛለች።»

«መብቷን በነገርኳት ቀን ግዴታዋንም ነግሬያታለሁ። መናገር ከፈለገች ሌላው ሲናገር ታዳምጣለች፤ ስትናገርም እውነቱን፣ ያውም በአክብሮት። የመማር መብት አለኝ ካለች የክፍሏን ወንበር አትሰብርም። አንዱን ትቼ ሌላውን ብቻ ባስተምር ኖሮ፣ እርስዎ ባለ አንድ እጅጌ ኮት ሰፍተው እንደማስረከብዎ ይሆን ነበር።»

ከንግግሯ ሁሉ ይኼ እጅጌ ነው ልባቸውን የነካው። ባለ አንድ እጅጌ ኮት በዓይነ ሕሊናቸው አዩና ፊታቸው ተኮሳተረ።

በዚህ መሐል የልጅ ልጃቸው ከትምህርት ቤት መጣች። ሁላችንንም ሰላም ብላ ቦርሳዋን አስቀመጠችና ወለሉ ላይ የተበተኑትን ስፒሎች መልቀም ጀመረች።

«ሚጣ፣ ማን አዘዘሽ?» አሉ አያቷ።

«ማንም። ደንበኛ እግር ውስጥ ይገባላ!» አለች። ቀና ስትል የተተረተሩትን ዩኒፎርሞች አየች። «አባባ፣ እነዚህ ለምን እንደሚተረተሩ ልንገርዎት?»

«ዝ—» ብለው ጀመሩ። አስተማሪዋን አዩ፤ እኔን አዩ፤ ካውያቸውን ሳይቀር አዩ። «እሺ፣ ተናገሪ» አሉ፣ አጥንት እንደተሰነቀረበት ሰው።

«ሲለኩን ትከሻችንን ሰብስበን ትንፋሻችንን እንይዛለን። ሆዳችንንም እናስገባለን። ከዚያ ቤታችን ሄደን እንተነፍሳለን።»

«ለምንድን ነው የምትይዙት?»

«ስለሚጮኹብን ነዋ!»

«እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?»

«‹ዝም› ስለሚሉን።»

ያ ምስኪን ጨርቅ ያለ ጥፋቱ ስንት ዓመት ሲሰደብ ኖረ! ሽማግሌው ሜትራቸውን አንሥተው ሚጣን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ። ትንፋሿን እንደያዘች ለኳትና «በይ ተንፍሺ» አሏት። ከዚያ ቃል በፊትና በኋላ ያለው የደረቷ ልክ ሁለት ጣት ያህል ተለያየ። ወንበራቸው ላይ ዘፍ ብለው መሣቅ ጀመሩ፤ መነጽራቸው እስኪወልቅ ሣቁ።

«ልጄ፣» አሉ ለአስተማሪዋ፣ አንቱታውን ትተው፣ «ልብሶቹን እዚሁ ተያቸው፤ አስተካክላቸዋለሁ። ያበላሹትን ማረምም ግዴታ ነው መሰለኝ?»

«ነው እንጂ!» አለች ሚጣ ፈጠን ብላ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ነገ... ትምህርት ቤቴ እሄዳለሁ?»

«ትሄጃለሽ። አስተማሪሽ ያለችውንም ማታ ማታ ትነግሪኛለሽ፤ እኔም አፌን ዘግቼ አዳምጣለሁ።»

አንባቢዬ፣ ከዚያ ወዲህ በዚያ ሰፈር ብብቱ የተተረተረ ዩኒፎርም አላየሁም። ልጅ ሲደመጥ ልብሱ በልኩ ይሰፋል፣ ሕመሙም በጊዜ ይታወቃል። የተደመጠ ልጅም ማዳመጥ አይከብደውም፤ ሳያዙት ስፒል የሚለቅም ልጅ ደግሞ በየትኛው ቤት ይጠላል?

የዚያን ዕለት አስተማሪዋ ስትሄድ ተራው የእኔ ሆነ። ደረቴን ነፍቼ፣ ሆዴን አስገብቼ፣ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ሚጣ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«ጋሼ፣» አለች በአክብሮት፣ «እርስዎም እኮ እውነቱን የመናገር ግዴታ አለብዎት።»

ምን ላድርግ፣ ተነፈስኩ።

«ወይ ጉድ!» አሉ አባ ጸጥታ ሜትራቸውን እያስረዘሙ፤ «ይኼን ሁሉ የት ደብቀኸው ነበር?»